የካሚዮን የፊት እግር በቤት ግቢ ሲታደስ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው፥ ከደባርቅም አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን መሠራቱ የታወቀ ነው። ጥምዝምዙ ለተመልካች ያማረ ቢሆንም ለካሚዮን የፊት እግር ብርቱ ፈተና ነው። ጭነት የያዘ ካሚዮን ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን በተያዘ ቍጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል፤ በየመታጠፊያውም መሪው እስከ መጨረሻው ይጠመዘዛል። ስለዚህ ጎማው የሚዞርበት ፔርኖና ሸክሙን የሚችለው ባሌስትራ ቶሎ ያልቃሉ።

ባለሞያዎቻችን እነዚህን ስሞች የወረሱት ከኢጣልያኖች ነው። የኢጣልያ ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ መሣሪያውን አስረከበ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን እስከ ዛሬ ከእኛ ዘንድ ቀርቷል። የአሠራሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጥንቱ ፊያት 634 እና ዛሬ እህል የሚጭነው አይሱዙ የፊት እግራቸው በመሠረቱ አንድ ነው፤ አንድ ወፍራም የብረት ዘንግ፥ በላዩ ባሌስትራ፥ በጫፍና በጫፉ ፔርኖ።

ኑሮው በካሚዮን የሆነ ቤተ ሰብ ካሚዮኑ የቆመበትን ቀን ሁሉ እንደ ኪሳራ ስለሚቈጥረው፥ በገዛ ግቢው ፈትቶ ማደስን ይመርጣል። ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን ካሚዮንን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሩ መግባት ራስን ለሞት መስጠት ነው። ደልዳላ መሬት ተመርጦ የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዳሉ፤ ሻንሲውም እንደ መስቀል በተደራረበ ወፍራም የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይቀመጣል። ድንጋይና ጡብ ከሸክሙ በታች ሳይታሰብ ስለሚሰነጠቁ ለዚህ አይሆኑም። ልጆችም ሥራው እስኪያልቅ ወደ ግቢው ባይገቡ መልካም ነው።

ከመፍታት በፊት ሕመሙን ማወቅ ይገባል። ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ቢወዛወዝ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ያን ጊዜ ውዝዋዜው ከጠፋ ያለቀው ኩሽኔታ ነው፥ ካልጠፋ ግን ፔርኖው ነው። በዚህ ቀላል ፈተና ስንት ብር ከከንቱ ወጪ እንደሚድን የሚያውቀው ያላለቀ ዕቃ የገዛ ሰው ነው።

ፔርኖው አልወጣም ብሎ በመዶሻ የሚደበድብ ሰው ብዙ ነው፤ የሚበዛው ምክንያት ግን ከጎኑ ገብቶ የሚቆልፈው ትንሽ ካስማ አስቀድሞ አለመውጣቱ ነው። ዝገት ከያዘው ዘይት ጠጥቶ ይደር። አዲሱ ቦኮላ ሲገባ የግራሶው ቀዳዳ ከውጭው ቀዳዳ ጋር ልክ ሊገጥም ይገባል፤ ያለዚያ ግራሶ ስለማይደርሰው ጥቂት ጊዜ ሳይሠራ ያልቃል። የአንዱ ወገን ሲለወጥ የሌላውም አብሮ ይለወጥ።

አሁን ዋና ወደ ሆነው ነገር እንመጣለን። የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል በብየዳ ተቀጥሎ ወደ መንገድ ሲመለስ አይተናል። የባሌስትራ ብረት ጥናቱን ያገኘው በእሳት ግሎ በዘይት በመቀዝቀዙ ነው፤ የብየዳ ሙቀት ደግሞ በነካው ስፍራ ያን ጥናት ያጠፋዋል። የተበየደው ቅጠል በሜዳ ላይ ጥቂት ቀን ቢቈይ እንኳ ከብየዳው አጠገብ እንደ ገና መሰበሩ አይቀርም፤ የሚሰበረውም ሸክሙ በሚበረታበት በቁልቁለቱ ነው። ለአንድ ቅጠል ዋጋ የሚሳሳ ባለንብረት ወደ ሊማሊሞ የሚልከው ማንን እንደ ሆነ ያስብ፤ ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የዚያው ቤት ልጅ ነው።

ባሌስትራውን ከዘንጉ ጋር የሚያስሩት እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉት ብሎኖችም ከነዳዶአቸው አዲስ ይሁኑ። የመካከለኛው ብሎን ራስ በዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል ካልተቀመጠ ዘንጉ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ካሚዮኑ ወደ አንድ ወገን ይስባል። የመሪው ዘንግ ጫፍ ሲለወጥ አሮጌው ስንት ዙር እንደ ዞረ ተቈጥሮ አዲሱም በዚያው ልክ ይገባል፤ ይህ ግን ግምት እንጂ ልክ ስላልሆነ የጎማዎቹ አቀማመጥ በጋራዥ መለካት አለበት። አዲስ የታሰረ ባሌስትራ ጭነት ሲያገኝ ስለሚላላ፥ ወደ ደባርቅ የሚሄደው ካሚዮን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሞ ዳዶዎቹ እንደ ገና ይጥበቁ።