ከቀኝ የሚጀምር ሳምንት

በዕብራይስጥ በሚሠራ ስልክ ላይ የቀን መቁጠሪያውን የከፈተ ሰው እሑድን በቀኝ ጠርዝ፣ ቅዳሜን በግራ ጫፍ ያገኛል። የሚቀጥለውን ወር ለማየት ጣቱን ወደ ቀኝ ያንሸራትታል። በአረብኛ፣ በፋርስኛና በኡርዱም አሰላለፉ ከቀኝ ይነሳል።

ስልኮች ይህን የቻሉት ዘግይተው ነው። አንድሮይድ ገጹን በሙሉ መገልበጥ የጀመረው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.2 እትሙ ሲሆን፣ አይፎን ደግሞ በ2015 በአይኦኤስ 9 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የመተግበሪያ ሠሪው የቀጠሮውን ርዕስ «በግራ» ሳይሆን «በመነሻ» አስቀምጥ ብሎ ያዛል፤ መነሻው የትኛው ጎን እንደሆነ ስልኩ ከቋንቋው ይረዳል።

ከመገልበጡ ይልቅ የሚከብደው የማይገለበጠውን መለየት ነው። የመመለሻ ቀስት ይዞራል፤ የሰዓት ምስል ግን ባለበት ይቆያል፣ ምክንያቱም ቆጣሪው በካይሮም በቴል አቪቭም የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ነው። የቀናት ምህጻርም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሰባቱም ቀናት የአረብኛ ስም በ«አል» ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ቢወሰድ ሰባቱም ዓምዶች አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የሳምንቱ መነሻም ከአገር አገር ይለያል፤ በእስራኤል እሑድ፣ በኢራን ቅዳሜ ነው።

አደገኛው ነገር ቁጥር ነው። በአረብኛም በዕብራይስጥም ቁጥር የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በዕብራይስጥ ገጽ ከ19:00 እስከ 07:00 የሚዘልቅ የሌሊት ፈረቃ በአጭር ሰረዝ ሲጻፍ 19:00 በግራ ይቀመጣል፤ በረጅሙ ሰረዝ ሲጻፍ ግን በቀኝ። ሁለቱን አጻጻፎች የሚያደባልቅ መተግበሪያ የሌሊቱን ተረኛ ነርስ የቀን ተረኛ አስመስሎ ሊያሳያት ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት እንደ ጥቃቅን የመልክ ጉድለት ማለፍ አይገባም።

ጉዳዩ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይነካል። በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው በዕብራይስጥ ወይም በአረብኛ ስልክ ላይ «የአክስቴ ልጅ ሰርግ» ብሎ ቀጠሮ ሲይዝ፣ በአንድ መስመር ሁለት አቅጣጫዎች ይገናኛሉ። ከጎኑ ያለው ሰዓት ወይም የቤት ቁጥር ከአማርኛው ጋር ተጣብቆ ቦታውን ሊስት ይችላል። የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት የሆነው ዩኒኮድ በ2013 ባወጣው 6.3 እትሙ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው አቅጣጫ የሚነጥሉ የማይታዩ ምልክቶችን ጨምሯል፤ ይሁንና ምልክቶቹን በየርዕሱ ዙሪያ ማስገባት የመተግበሪያው ሠሪ ኃላፊነት ነው። በንጹሕ ዕብራይስጥ ወይም በንጹሕ አረብኛ ብቻ የሚደረግ ፍተሻ ስህተቱን አያሳይም፤ አማርኛ፣ ሩሲያኛና ቁጥር የተቀላቀሉባቸው ርዕሶችም መሞከር አለባቸው።