የኢንሹራንስ ሕግ ዐዋቂዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርና የሥራው ጥቅም

ሰው ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ አይቶና ዳስሶ የማይገዛው ቢኖር ኢንሹራንስ ነው። ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በጣቱ ይዳስሳል፤ በሬ የሚገዛም ጥርሱን ያያል። ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ግን አረቦኑን ከፍሎ የሚቀበለው አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱም ላይ የሚያገኘው፣ ወደፊት ጉዳት ቢደርስ ካሳ ይከፈላል የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ቃል ዋጋ የሚታወቀው ቃሉን በሚያስጠብቀው ሕግ ነው።

ይህንኑ ሕግ የሚመረምሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960 በሉክሰምቡርግ ተሰብስበው አንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከፈረንሳይኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች ተወስዶ «አይዳ» ይባላል። የመጀመሪያውን የዓለም ጉባዔ በ1962 በሮማ አደረገ፤ ቀጥሎም በ1966 በሐምቡርግ፣ በ1970 በፓሪስ ተሰበሰበ። ወደ አፍሪካም መጥቶ በ1998 በማራካሽ ጉባዔ አድርጓል፤ በ2023 ደግሞ በሜልቦርን ተገናኝቷል።

ማኅበሩ ሕግ አያወጣም፤ ፍርድም አይሰጥም። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ቢባል፣ ማነጻጸር ነው። በየአገሩ ቅርንጫፎች አሉት። ጉባዔ ሲቃረብ ለአንድ ጉዳይ የተዘጋጁ ጥያቄዎች ለየቅርንጫፉ ይላካሉ፤ እያንዳንዱም በአገሩ ሕግና በዳኞቹ ፍርድ መሠረት መልስ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው መልሶቹን ሁሉ አስተያይቶ አጠቃላይ መግለጫ ያቀርባል። ከዚህም ሌላ ስለ መኪና፣ ስለ ባሕር ጉዞ፣ ስለ ጠለፋ ዋስትና፣ ስለ ደንበኞች መብት የሚወያዩ ልዩ ልዩ የሥራ ቡድኖች አሉት።

የዚህ ማነጻጸር ጥቅም እንዲገባን አንድ የቆየ ክርክር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1759 ጆርጅ ካርተር የተባለ እንግሊዛዊ በሱማትራ ደሴት የሚገኘው የማርልቦሮ ምሽግ ገዥ ነበር። ምሽጉ በባዕድ ጠላት እጅ ቢወድቅ ካሳ እንዲከፈለው ለንደን ውስጥ ኢንሹራንስ ተገባለት። በ1760 ፈረንሳዮች ምሽጉን ያዙት። ኢንሹራንስ ሰጪው ቦም ግን፣ ምሽጉ ደካማ መሆኑ አልተነገረኝምና አልከፍልም አለ። ነገሩን የተመለከቱት ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ በ1766 በሰጡት ፍርድ፣ አደጋውን የሚያውቀው በአብዛኛው ኢንሹራንስ ገቢው ስለ ሆነ ቅን ልቡና ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቅን ልቡና ሁለቱንም ወገኖች ያስገድዳል አሉ። ጦርነት መኖሩንና አደጋው ምን እንደሚመስል ቦም ለንደን ሆኖ ሊያውቅ ይችል ነበርና ካርተር ረታ።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሁለቱን ወገኖች እኩል እንዲያስገድድ የተነገረው ሐሳብ ውሎ አድሮ በአንዱ ላይ ብቻ ከበደ። የ1906 የእንግሊዝ የባሕር ኢንሹራንስ ሕግ፣ ኢንሹራንስ ገቢው አንድ አስፈላጊ ነገር ሳይናገር ቢቀር፣ ሳያስበው የቀረ እንኳ ቢሆን፣ ኢንሹራንስ ሰጪው ውሉን በሙሉ እንዲያፈርስ ፈቀደለት። ስለዚህ ለብዙ ዘመን አረቦኑን ሳያጓድል የከፈለ ነጋዴ፣ መጋዘኑ በተቃጠለ ማግስት በአንድ የተረሳ መልስ ምክንያት ባዶ እጁን ሊቀር ይችል ነበር።

ሌሎች አገሮች ግን በሌላ መንገድ ሄደዋል። የፈረንሳይ የ1930 ሕግ ሆን ብሎ የዋሸውንና ባለማወቅ የተሳሳተውን ለየ፤ ለሁለተኛው ካሳው በከፈለው አረቦን ልክ ይቀነስበታል እንጂ አይከለከልም። ጀርመንም ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው አዲስ ሕግ ሁሉን ማግኘት ወይም ሁሉን ማጣት የሚለውን የቀድሞ ሥርዓት አስቀርታለች። እንግሊዝም ብትዘገይም የ2015 የኢንሹራንስ ሕግ እንደዚሁ ያለ መመዘኛ አገባ። ነገሩን በብር ብናስበው፣ 1,000 ብር አረቦን መክፈል ሲገባው በቅን ስሕተት 600 ብር የከፈለ ሰው፣ የ10,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት 6,000 ብር ያገኛል። ሆን ብሎ የዋሸ ግን ዛሬም ምንም አያገኝም።

በእኛም አገር በፕሮፌሰር ዣን ኤስካራና በአልፍሬድ ዦፍሬ ረቂቅ ላይ የተመሠረተው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሆን ብሎ የደበቀውንና በቅንነት የተሳሳተውን ለይቶ ያያል። ይህ መለየት ለእኛ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ዕድርን ማሰብ ይበቃል። በዕድር ውስጥ ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት፣ ጤንነትና ኑሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም ቅጽ አይሞላም። ኢንሹራንስ ሰጪው ግን ሰውየውን የሚያውቀው በወረቀቱ ብቻ ነው። መተዋወቅ በሌለበት ቦታ ሕግ የመተዋወቅን ሥራ ይሠራል፤ ሕጉ አድሏዊ ከሆነ ግን ወረቀቱ ለአንዱ መከታ፣ ለሌላው ወጥመድ ይሆናል።

ደግሞም አደጋ በአንድ አገር ድንበር ተወስኖ አይቀርም። አንድ ኩባንያ ብቻውን የማይችለውን ትልቅ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1863 በዙሪክ እንደ ተቋቋመው ላለ የጠለፋ ዋስትና ኩባንያ ያካፍላል። የአንዱ አገር ሕግ ከሌላው ጋር ካልተግባባ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ካሳ የሚጠብቀው ሰው ነው። አዳዲስ ነገሮችም ይመጣሉ። ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? ብሪታንያ በ2018 ባወጣችው ሕግ፣ በመጀመሪያ ኢንሹራንስ ሰጪው ተጎጂውን እንዲክስ፣ ከዚያም ጥፋተኛውን ራሱ ፈልጎ እንዲጠይቅ ወሰነች። ሌላው አገር ከዚህ የሚማረው ነገር አለ ወይ? የሚለው ጥያቄ እንደ አይዳ ያለውን ማኅበር የሚመለከት ነው።

ነገ በዳኝነት ወንበር፣ በሚኒስቴር ቢሮ ወይም በኩባንያ ጠረጴዛ ለሚቀመጡ ወጣቶች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ቅጽ ሲያዘጋጁ ጥያቄውን ግልጽ አድርገው ይጻፉ፤ ቅጽ ሲሞሉም እውነቱን ሳያስቀሩ ይሙሉ። ቅን ልቡና የሁለቱም ወገን ዕዳ መሆኑን ሎርድ ማንስፊልድ ከተናገሩ ከሁለት መቶ ዐምሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሕጎች ወደዚያ ሐሳብ የተመለሱት ግን ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።