ለገና ጫማ ያልተገዛለት ልጅ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን በመላ አገራችን በታላቅ መንፈሳዊ ሥርዓት ይከበራል። በዋዜማው ገበያው ይደምቃል፤ በጉና ዶሮው፣ ቅቤውና ቄጠማው ወደየቤቱ ይገባል። ወላጅም እንደ አቅሙ ለልጆቹ ልብስና ጫማ ይገዛል። በማግሥቱ ሕፃናት አዲሱን ጫማቸውን ተጫምተው ደጅ ለደጅ ሲሯሯጡ፣ በገጠሩም ጎረምሶች የገና ዱላቸውን ይዘው ሩሯን እያሳደዱ ሜዳውን ሲያስጨንቁት ማየት ከበዓሉ ደስታዎች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ በአንዳንድ ቤት ለበዓሉ ጫማ የማይገዛለት ልጅ አለ። ወላጆቹ አልረሱትም፤ ለሁለቱ እግሮቹ የሚስማማ ጥንድ ጫማ ከገበያ ስለማያገኙለት ነው። አንደኛው እግሩ ከሌላው ያጥራል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ጣቶቹም ከአምስት ያነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባል፤ አለዚያም እግሩ በጋቢ ይሸፈናል። ስለዚህ ልጅ በበዓል ዕለት ማንሣታችን ደስታውን ለማደብዘዝ አይደለም። የአንድ ሕፃን መወለድ በሚከበርበት ቀን፣ ስለተሸሸገው ሕፃንም መነጋገር ተገቢ መስሎ ስለታየን ነው።

የጎደለው አጥንት

ከጉልበት በታች ያለው የሰው እግር ሁለት አጥንቶች አሉት። አንደኛው ከፊት በኩል በእጃችን የምንዳስሰው፣ የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው ወፍራሙ የቅልጥም አጥንት ነው። ሐኪሞች ቲቢያ ይሉታል። ሁለተኛው ከእርሱ ጎን በውጭ በኩል የሚወርደው ፊቡላ የተባለው ቀጭን አጥንት ነው። ይህ ቀጭን አጥንት ብዙ ክብደት ባይሸከምም፣ የታችኛው ጫፉ ቁርጭምጭሚትን ከውጭ በኩል እንደ በር መቃን ደግፎ ይይዛል።

አንዳንድ ሕፃናት ይህ ቀጭን አጥንት አጥሮ ወይም ጭራሹን ሳይኖር ይወለዳሉ። ችግሩ በሕክምናው ቋንቋ ፊቡላር ሄሚሜሊያ ይባላል። ከልደት ጋር ከሚመጡት የረጃጅም የእግር አጥንቶች ጉድለቶች መካከል በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። እንዲያም ሆኖ የሚያጋጥመው ከ40 ሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። የወፍራሙ አጥንት መጉደል ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚደርስ ነው።

ጉዳቱ በአንድ አጥንት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ቅልጥሙ ወደ ፊት ሊጎብጥና በጎበጠበት ቦታ ላይ ቆዳው ሊሰረጉድ ይችላል። በውጭ በኩል ካሉት ጣቶች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሊጎድሉ፣ ጭኑ ሊያጥር፣ ጉልበትን የሚያጸናው ጅማትም ላይኖር ይችላል። ብዙ ሰዎች ይህን ችግር ከቆልማማ እግር ጋር ያደባልቁታል። ቆልማማ እግር ግን ወደ ውስጥ የዞረ ሲሆን፣ በጨቅላነት ከተጀመረለት በአብዛኛው በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ይቃናል። ፊቡላ የጎደለው እግር አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ወደ ውጭ ነው፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው የአጥንት ሐኪም ምርመራና ራጅ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ በብዙ ቤት ከሕክምናው አስቀድሞ የሚነሣው ነገር ጥፋተኛ ፍለጋ ነው። አንዱ የአያት እርግማን ይቈጥራል። ሌላው እናቲቱ ነፍሰ ጡር ሳለች የረገጠችውን፣ ያየችውን፣ ሳታከብር ያለፈችውን በዓል ያነሣል። እናት ለብቻዋ ስታለቅስ፣ አባት ከጎረቤት ዐይን ሲሸሽ፣ ትዳርም በዚሁ ሰበብ ሊናጋ ይችላል።

የሕፃኑ እግር በማሕፀን ውስጥ እንደ እንቡጥ ብቅ የሚለው ከተፀነሰ በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ነው። በ8ኛው ሳምንት ዋናው ቅርጽ ተሠርቶ ያልቃል። የፊቡላ ጉድለትም የሚደርሰው በእነዚሁ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን እንኳ በቅጡ አላወቁም። በአብዛኛዎቹ ሕፃናት ላይ የጉድለቱ ምክንያት ተለይቶ አይታወቅም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። ስለዚህ እናትና አባት ሌላ ልጅ ለመውለድ መፍራት አይገባቸውም። የወፍራሙ አጥንት ጉድለት ግን በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ሊደጋገም ስለሚችል፣ የሐኪም ምክር መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ መድኃኒቶች በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ብርቱ ጉዳት ማድረሳቸው እውነት ነው። ለእንቅልፍና ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ1961 ጀርመን ውስጥ ከገበያ እስኪነሣ ድረስ፣ በልዩ ልዩ አገሮች በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ተወልደዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት እንዳትወስድ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። ምክሩ ለወደፊቱ መጠንቀቂያ ይሁን፤ የወለደችውን እናት መክሰሻ አይሁን።

በዮሐንስ ወንጌል ከልደቱ ጀምሮ ዕውር ስለነበረው ሰው የተጻፈውን የማያስታውስ ምእመን የለም። ደቀ መዛሙርቱ ጥፋቱ የሰውየው ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ቢጠይቁ፣ ጌታ ሁለቱንም ከጥፋቱ ነፃ አደረጋቸው። ይህን በቤተ ክርስቲያን ሰምተን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ያንኑ መልስ ያገኘውን ጥያቄ በአራስ ቤት ደጃፍ ላይ እንደገና ማንሣታችን ያሳዝናል።

ጊዜ የማይሰጥ ልዩነት

ብዙ ወላጆች «ሲያድግ ይስተካከላል» ብለው ይጠብቃሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሲያድግ ሁለቱም እግሮች ያድጋሉ፤ ያጠረው ግን በዚያው መጠን ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል። ሴት ልጅ 3 ዓመት፣ ወንድ ልጅ ደግሞ 4 ዓመት ገደማ ሲሆነው የእግሩ ርዝመት ሲያድግ የሚኖረውን ግማሽ ያህል ደርሷል። በመሆኑም በ3 ዓመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያላት ልጅ፣ እድገቷን ስትጨርስ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ይኖራታል። ሐኪሞች ሕፃኑን ገና በጨቅላነቱ አይተው የወደፊቱን መገመትና ሕክምናውን በየዕድሜው መደልደል የሚችሉት በዚህ ስሌት ነው።

ከዚህም ሌላ ሕፃኑን ወደ ወጌሻ መውሰድ የተለመደ ነው። የሌለ አጥንት ግን በመታሸት አይመለስም፤ በመጎተትም አይረዝምም። እግርን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን አግዶ፣ ያለውን እግር እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ሁለቱ ከባድ መንገዶች

ልዩነቱ ጥቂት ሲሆን ሶሉ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ጫማ ሊበቃ ይችላል። ከፍ ሲልም የረዘመውን እግር እድገት በጊዜው በትንሽ ቀዶ ሕክምና መግታት አንዱ ዘዴ ነው። ልዩነቱ ብዙ ሲሆን ግን በወላጅ ፊት ሁለት ከባድ መንገዶች ይቀርባሉ።

አንደኛው አጥንቱን ማስረዘም ነው። ይህን ጥበብ በሳይቤሪያ በምትገኘው በኩርጋን ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያዳበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1992 የኖረው ሶቪየታዊው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ነበር። አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ይለያል፤ በቆዳና በአጥንት ውስጥ በሚያልፉ ቀጫጭን ሽቦዎች አማካይነት እግሩን ከከበቡት የብረት ቀለበቶች ጋር ይያያዛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ያውም አራት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ቀስ በቀስ ይሳባል። በተከፈተው ቦታም አዲስ አጥንት ይበቅላል። 5 ሴንቲ ሜትር ለማግኘት መሳቡ ብቻ 50 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ደግሞ ተጨማሪ ወራት ያስፈልጋሉ። ሕመም አለው፤ ሽቦዎቹ የሚያልፉበት ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፤ መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ በየቀኑ ማፍታታት ያሻል። ጉድለቱ ብዙ ከሆነም ልጁ እያደገ ሲሄድ ሕክምናው ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደገማል።

ሁለተኛው መንገድ ለሰሚው የሚያስደነግጠው ነው፤ መርገጥ የማይችለውን መዳፍ ከቁርጭምጭሚት ላይ ቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም ነው። የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ሳይም በ1840ዎቹ ባስተዋወቀው ዘዴ የተረከዙ ወፍራም ሥጋ ይጠበቅና የቅልጥሙን ጫፍ ይሸፍናል። በመሆኑም ልጁ ሰው ሠራሽ እግሩን ባወለቀ ጊዜ በዚያው ላይ መቆም ይችላል። ቀዶ ሕክምናው በሕፃንነት ከተደረገ ልጁ ከእኩዮቹ ሳይዘገይ መራመድ ይጀምራል። ነገር ግን ሰው ሠራሹ እግር ልጁ ባደገ ቁጥር መቀየር አለበት። ወጪውና ምልልሱም ዕድሜ ልክ ይከተላል።

የትኛው ይሻላል? ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ የለም። መዳፉ ጸንቶ ይረግጣል ወይ? ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ቤተሰቡስ ለወራት ሆስፒታል ለመመላለስ ይችላል ወይ? ውሳኔው በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። በእኛ በኩል ማሳሰብ የምንወደው፣ መቁረጥ የሚለውን ቃል ሰምተው ልጃቸውን ይዘው የሚጠፉ ወላጆች የሐኪሙን ቃል እስከ መጨረሻው እንዲያደምጡ ነው። ማስረዘምን የመረጡም የመንገዱን ርዝመት አስቀድመው ይወቁት።

ከሳይቤሪያ የተወሰደችው ሕፃን

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1992 በዚያው በሳይቤሪያ፣ ብራትስክ በምትባል ከተማ፣ ሁለቱም እግሮቿ ፊቡላ የሌላቸው ሕፃን ተወለደች። ወላጅ እናቷ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረች ልጅ ስለሆነች፣ ሕፃኒቱ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተሰጠች። በ13 ወሯ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ጄሲካ ሎንግ ብለው አሳደጓት። በ18 ወሯ ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች ተቆርጠው በሰው ሠራሽ እግር መራመድን ተማረች። ይህች ልጅ በ2004 በአቴንስ ፓራሊምፒክ በ12 ዓመቷ በዋና ሦስት የወርቅ ሜዳልያዎችን ተቀበለች። ከዚያም ወዲህ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ውድድር ድረስ በስድስት ፓራሊምፒኮች ተሳትፋለች።

በ2013 መጨረሻ ጄሲካ ወደ ሳይቤሪያ ተጕዛ ወላጅ እናቷንና አባቷን በአካል አግኝታለች። ቂም ይዛ እንዳልሄደችም በይፋ ተናግራለች። ከሜዳልያዎቹ ሁሉ ይልቅ እኛን የነካን ይህ ነው። ፈርታና ብቻዋን ሆና ልጇን የሰጠች እናት፣ በዚያን ቀን የሚያጽናናትና የሚያማክራት አግኝታ ቢሆን ኖሮ ብለን ማሰባችን አልቀረም። ሁሉም ልጅ ሯጭ ወይም ዋናተኛ አይሆንም፤ መሆንም አይጠበቅበትም። ውኃ ለመቅዳት፣ ትምህርት ቤት ለመሄድ፣ ቅዳሴ ለማስቀደስ ጸንቶ የሚቆም እግር ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሥዕሉን አይተን ልጁን አንሸሽግ

በብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን ቤት ግድግዳ ላይ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ይገኛል። ልደታቸው ታኅሣሥ 24 ቀን፣ ከጌታ ልደት አምስት ቀን ቀደም ብሎ ይከበራል። የእግራቸው መሰበር ደግሞ ጥር 24 ቀን ይታሰባል። በሥዕሉ ላይ ስድስት ክንፍ አላቸው፤ የቆሙትም በአንድ እግር ነው። የጻድቁ እግር በጸሎት ጽናት የተሰበረ በመሆኑ፣ ከልደት ከመጣ ጉድለት ጋር አንድ ነው ልንል አንደፍርም። ይሁንና በአንድ እግሩ የቆመውን ጻድቅ ሥዕል ሳሎን ሰቅሎ፣ አንድ እግሩ ያጠረውን ልጅ ጓዳ መደበቅ እንደምን ይስማማል?

ልማዳችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ማንሣት ነው። እግሩ የተለየ ሕፃን የወለዱ እናትና አባት ያን ቀን ሳይጠብቁ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከዚያም ወደ አጥንት ሐኪም የሚልክ ወረቀት ይጠይቁ። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ያያሉ። በመናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከልም ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት የተሐድሶ አገልግሎት በመስጠት የቆየ ነው። የክርስትና አባትና እናትም ስጦታቸው በልብስ ብቻ እንዳይወሰን፣ ለሐኪም ቤቱ ምልልስ የትራንስፖርቱን ወጪ ቢካፈሉ ወይም ተራ ገብተው ሕፃኑን ቢያደርሱ ታላቅ እርዳታ ነው።

ጫማ ሰፊም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። የሐኪሙን ልክ ይዘው ቢሄዱ የአንደኛውን ጫማ ሶል ከፍ አድርጎ ሊሠራ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ያ ልጅ በሚመጣው ገና ከእኩዮቹ ጋር ደጅ ይወጣል። ጎረቤትም ሲያየው ከንፈር መምጠጡን ትቶ፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች በስሙ ጠርቶ «እንኳን አደረሰህ» ይበለው።

ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የፍቅር እንዲሆን እንመኛለን።