«ቶል» እና «ሃይ»፦ የሁለት እንግሊዝኛ ቅጽሎች ልዩነት ከቦሌ ሜዳ ሲታይ

«ቶል» እና «ሃይ» የተባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቅጽሎች በብዙዎቻችን ጽሑፍ ላይ እየተቀያየሩ ይገኛሉ። ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም። መነሻው በገዛ ቋንቋችን ውስጥ ነው፤ ይኸውም አማርኛ «ረጅም» በሚለው በአንድ ቃል ብዙ ነገር ስለሚገልጽ ነው። ሰውየው ረጅም ነው፤ መንገዱም፥ ዛፉም፥ ተራራውም፥ ዕድሜውም ረጅም ነው። «ረጅም ግንብ» ያለን ሰው ወደ ላይ የቆመውን ይሁን ወደ ጎን የተዘረጋውን ለማወቅ መልሰን ልንጠይቀው ግድ ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ገና ከመነሻው ምረጡ ይላል።

ነገሩን በዐይኑ ለማየት የሚፈልግ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይሂድ። የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ «ቶል» ነው፤ መንደርደሪያው «ሎንግ» ነው፤ ሜዳው ራሱ ደግሞ፥ ምንም እንኳ ለጥ ያለ ቢሆን፥ «ሃይ» ነው። ማማው የሚለካው ከእግሩ እስከ ራሱ ነው። ሜዳው ግን ከባሕር ወለል ተነሥቶ ይለካልና 2,334 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ «ቶል» የነገሩን ቁመት ሲናገር «ሃይ» ብዙውን ጊዜ ነገሩ ያለበትን ስፍራ ይናገራል። ስለዚህ በሰማይ የሚያንዣብብ ንስር «ሃይ» ነው እንጂ «ቶል» አይባልም።

ይህን አለመለየት የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የበረራ መጻሕፍት እንደ ቦሌ ያለውን ማረፊያ «ሃይ» ይሉታል። አንድ የምሕንድስና ተማሪ ይህን «ረጅም ማረፊያ» ብሎ ቢተረጕመው ውጤቱን በምክንያቱ ቦታ አስቀመጠው ማለት ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ ለማንሣት፥ ሞተሩም ለመግፋት ይቸገራሉና አውሮፕላኑ ብዙ መንደርደር አለበት። ከቦሌ መንደርደሪያዎች አንዱ 3,800 ሜትር እንዲሆን ካስፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሜዳው «ሃይ» ስለሆነ መንደርደሪያው «ሎንግ» ሆነ።

ለመለየት የሚረዳው ቀላሉ መንገድ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። የ«ቶል» ተቃራኒ «ሾርት»፥ ማለት አጭር ነው፤ የ«ሃይ» ተቃራኒ «ሎው»፥ ማለት ዝቅተኛ ነው። ሰው አጭር ይሆናልና «ቶል»፤ ዋጋና ሙቀት ዝቅተኛ ይሆናሉና «ሃይ»። ዳሩ ግን ይህ ፈተና በተራራ ላይ ያሳስታል፤ እኛ «አጭር ተራራ» ለማለት አንቸገርምና። «ቶል» ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ የጎላ ነገር ይወዳል። ስለዚህ ከከተማው በስተምሥራቅ የሚታየው የረር፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ቢሆንም፥ «ሃይ» ቢባል ይሻላል፤ በቦሌ መንገድ ዳር የቆሙት ፎቆች ግን «ቶል» ናቸው።

በሰው ላይ ሲደርስ ጥንቃቄ ያሻል። «ሃይ» የተባለ ባለሥልጣን ማዕርጉ ከፍ ያለ ነው፤ ቁመቱ አጭር ሊሆን ይችላል። «አባቴ ሃይ ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን አባቱን በዛሬው የእንግሊዝኛ አነጋገር በዕፅ ናላው የዞረ ሰው አድርጎ አረፈው።

«ቶል» በጥንቱ እንግሊዝኛ ፈጣን ማለት ነበር፤ በሼክስፒርም ዘመን ደፋር ማለት ይሆን ነበር። እስከ ዛሬ ከሰው ያልተለየው ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

በቦሌ ካሉት ፎቆች በአንዱ፥ በ10ኛው ደርብ፥ አንድ አጭር ሰው ይኖራል እንበል። ሕንፃው «ቶል»፥ መኖሪያው «ሃይ»፥ እርሱ ራሱ «ሾርት» ነው።