የጊታር አንገት፣ የተልባ ዘይትና ክብሪት የማይሻ እሳት

(ሆፕኪንስ፣ ሚኒሶታ) ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ በምትገኘው ሆፕኪንስ ወደሚኖር ወዳጃችን ቤት ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጎራ ብለን ነበር። ወዳጃችን ሳምንቱን ታክሲ ሲነዳ ይሰነብትና ቅዳሜ ምድር ቤት ወርዶ አሮጌ ጊታር ያድሳል።

ያን ዕለት የያዘው ከሜፕል እንጨት የተሠራ የጊታር አንገት ነው። አሮጌው ቫርኒሽ በላብ እየተጣበቀ አውራ ጣት አላንሸራትት ስላለ ፍቆ አነሳው፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከዚያም በከነቴራ ቁራጭ የተልባ ዘይት ቀባና ጥቂት ቆይቶ የተረፈውን ሙልጭ አድርጎ ወለወለው። «ጋሼ፣ ከወፈረ ይጣበቃል፤ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ መድገም ነው» አለን።

የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠነክራል እንጂ። ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል። ከእንጨቱ ላይ ሙቀቱ ይበተናል፤ በተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ አጥቶ ይከማችና ክብሪት ሳይጫር ይነድዳል።

ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊላደልፊያ ውስጥ 38 ፎቅ ያለው ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተቃጠለው በተልባ ዘይት ከራሰ ጨርቅ በተነሳ እሳት ነው። 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል።

ወዳጃችን ያንን ከነቴራ ጨምድዶ ከቆሻሻ ቅርጫት ሊጥል ሲል እጁን ያዝነው። ልጆቹ ከላይ ተኝተዋል። በጋዜጣ አዘጋጅነታችን ዘመን ከማተሚያ ቤት ሠራተኞች እንደተማርነው፣ ጨርቁን በውሃ ነክረን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከተትነው።

በየምድር ቤታችሁ እንጨት የምትቀቡ ወገኖች፣ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።