አቀንጭራና ማሽላ፦ ከወሎ ማሳ እስከ ፐርዱ ላቦራቶሪ

መስከረም 21 ለሚከበረው የግሸን ማርያም ንግሥ የሚጓዝ ምእመን የአምባሰልን ቆላማ ቀበሌዎች ሲያቋርጥ ማሽላው ራስ አውጥቶ፣ ወፍ ጠባቂው ማማው ላይ ወጥቶ ያገኘዋል። አንዳንዱ ማሳ ውስጥ ደግሞ ከአገዳው ሥር ሐምራዊ አበባ ያቆጠቆጠ ትንሽ ተክል ይታያል። መንገደኛው አበባው ያምረው ይሆናል፤ ባለማሳው ግን ያንን ቀለም ሲያይ የዓመቱ ቀለብ መጉደሉን ያውቃል። ተክሉ አቀንጭራ ነው።

የዚህን አረም ምስጢር ለመፍታት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዷል። ሥራው ተማሪ፣ መምህርና ዘር በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የተመላለሱበት ረጅም ታሪክ ነው። ወጣቶችን ባሕር አሻግሮ በግብርና በኩል ሳይንስና ቴክኖሎጂ ማስተማር ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ጅማና ዓለማያ

በ1952 የኢትዮጵያ መንግሥት ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ተቋም ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ወጪውን የሸፈነው የፕሬዚዳንት ትሩማን የ‹‹ፖይንት ፎር›› መርሐ ግብር ነበር። በዚያው ዓመት የጅማ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1956 ደግሞ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዓለማያ ኮሌጅነት ሥራ ጀመረ። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1968 ድረስ እዚያው ቆዩ። ይዘውት የመጡት ሥርዓት ሦስት ነገሮችን በአንድ ግቢ የሚያጣምር ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት ለገበሬው ማድረስ። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ማሳ ላይ ያጋጠመውን ጥያቄ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይመለሳል።

በእነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ካለፉት ወጣቶች አንዱ ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። በ1950 በኦሎንኮሚ አካባቢ የተወለዱት ገቢሳ በልጅነታቸው ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ እሑድ ማታ ሄደው ዓርብ ይመለሳሉ። ጅማ ተምረው ዓለማያ ገቡ፤ በ1973ም ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ከነበሩት ከጆን አክስቴል ጋር ተዋወቁ። አክስቴል በኢትዮጵያ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያሰባስቡ ወጣቱ አገዛቸው፤ ትጋቱን አይተውም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፐርዱ ጋበዙት። ገቢሳ በ1978 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

ወሎ ያስተማረችው

ሁለቱ በተገናኙበት በ1973 የፐርዱ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ ግኝት ይፋ አድርገው ነበር። ማሽላ ሆድ ቢሞላም ላይሲን የተባለው፣ ሰውነት በራሱ ሊሠራው የማይችለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ተመራማሪዎቹ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 9 ሺህ ገደማ የማሽላ ዓይነቶችን ሲመረምሩ ከሌላው ማሽላ አንድ ተኩል እጥፍ የሚጠጋ ላይሲን ያላቸው ሁለት ብቻ ተገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ የመጡትም ከወሎ ነው።

ለወሎ ገበሬ ግን ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ፍሬያቸው ጨምደድ ያለውን፣ ምርታቸውም የሚያንሰውን እነዚህን የማሽላ ዓይነቶች ከሌላው ጋር አሰባጥሮ ይዘራቸው፣ እሸታቸውንም ጠብሶ ይበላቸው ነበር። ‹‹ወተት በጉንጬ›› የሚባለው ማሽላ የዚህ ወገን ነው። ምርቱን ብቻ ቢያይ ኖሮ ዘሩን ትቶት ነበር፤ ጣዕሙን ስለወደደ ግን ከዓመት ዓመት አቆየው፣ ላቦራቶሪውም ያንን አገኘ። እንግዲህ ልውውጡ ከመነሻው ሁለት አቅጣጫ ነበረው። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ለመማር ወደ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት የወሎ ማሽላ እዚያ ደርሶ እያስተማረ ነበር።

አረሙ እንዴት ይሰማል?

አሁን ወደ አቀንጭራ እንመለስ። ዘሩ ከአቧራ ብናኝ ብዙም አይበልጥም፤ ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የያዘው ስንቅ ግን ከበቀለ በኋላ ከጥቂት ቀናት በላይ አያዘልቀውም። ስለዚህ በቅሎ የማሽላ ሥር በአቅራቢያው ካላገኘ አለቀለት። ታዲያ መቼ መብቀል እንዳለበት በምን ያውቃል?

መልሱ ያለው ከራሱ ከማሽላው ዘንድ ነው። የማሽላ ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባሉ ኬሚካሎችን እጅግ በጥቂቱ ወደ አፈር ይለቃል። የመጀመሪያው በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ሲታወቅ አንድ እንቆቅልሽ አስከትሎ ነበር፦ ተክል ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ያመነጫል? ጉዳዩ የተፈታው በ2005 ነው። ተክሉ ኬሚካሉን የሚልከው ፎስፈረስ ፈልገው የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጥራት ነበር። አቀንጭራ ባለቤት ለወዳጁ ያስተላለፈውን መልእክት ሰምቶ ቀድሞ እንደሚደርስ ሌባ ነው። አፈሩ በተራቆተ ቁጥር ማሽላው ጥሪውን ያበዛል፤ አረሙም በዚያው ልክ ይበረታል። አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ የሚጠናው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የበቀለው አረም ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃና ምግብ ይመጥጣል። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው አረሙ ገና ከመሬት በታች ሳለ ነው። ገበሬው አበባውን አይቶ ሲነቅለው ያን ዓመት ረፍዷል፤ ጥቅሙ ለቀጣዩ ዓመት ነው።

በጄል ውስጥ የታየው ምስጢር

በማሳ ላይ የሚደረግ ሙከራ ብቻውን አስቸጋሪ ነው፤ ዝናቡ፣ አፈሩና የዘሩ ብዛት ይለያያሉ። ገቢሳ ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋር የቀየሱት ዘዴ ቀላል ነበር። ከባሕር አልጌ የሚገኝ ጥርት ያለ ጄል ክብ ሳህን ላይ ይፈስሳል። በጄሉ ውስጥ በእርጥበትና በሙቀት የተዘጋጀ የአቀንጭራ ዘር ይበተናል፤ ከዳር ደግሞ ጎንቆል ያወጣ የማሽላ ፍሬ ይደረጋል። ሥሩ ጄሉን ሰንጥቆ ሲያድግ ኬሚካሉ ወደ ጎን ይሰርጋል። ከቀናት በኋላ ተመራማሪው ማይክሮስኮፕ አቅርቦ ከሥሩ እጅግ ርቆ የበቀለውን የአቀንጭራ ዘር ይፈልግና ርቀቱን ይለካል። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ማሽላው ኬሚካሉን በብዛት ይለቃል፤ ካነሰ ደግሞ ጥሪው ደካማ ነው ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ጥሪያቸው ደካማ የሆነ ማሽላዎችን ለይቶ ከምርታማዎቹ ጋር ማዳቀል ተቻለ። በ1994 ድርቅና አቀንጭራን የሚቋቋም 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በኢትዮጵያም ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ከዚሁ ሥራ ተገኝተው ለገበሬው ደረሱ፤ ለአምባሰል ጎረቤት በሆነችው ሀብሩ ወረዳ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚህ ዘርፍ ሲሠራ ኖሯል። ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያን ተቀበሉ።

የጥናቱ ሌላ ምዕራፍ በ2017 ታተመ። በሚቋቋሙት ማሽላዎች ላይ አንድ ጂን ተለውጧል፤ በለውጡ ምክንያት ሥሩ የሚለቀው የስትራይጎላክቶን ዓይነት አቀንጭራን በደንብ የማይቀሰቅስ ሆኗል። ፈንገሶቹን የሚጠራው ኬሚካል ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ይሁን እንጂ ዘር ብቻውን ሁሉን አይፈታም። የሚቋቋም ዝርያ ከማዳበሪያ ወይም ከፍግ፣ የዝናብ ውኃን ማሳ ውስጥ ከሚያስቀር ቦይ ጋር ሲጣመር ነው ውጤቱ የሚጎላው። አረሙን ሳያፈራ መንቀልና ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅም ያግዛል።

ዛሬ የሐይቅ፣ የውጫሌ ወይም የደሴ የሳይንስ መምህር ስለ ኬሚካል መልእክት፣ ስለ ጂንና ስለ ዝግመተ ለውጥ ለማስተማር ከውጭ የመጣ ምሳሌ መጠበቅ የለበትም። ተማሪዎቹን ወደ ማሽላ ማሳ ይዞ ይውጣ፤ ገበሬውን በአስተማሪነት ይጋብዝ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከውጭ አቻዎቻቸው ጋር የልውውጥ ውል ሲፈራረሙ ስንት ተማሪ እንደሚልኩ ብቻ ሳይሆን፣ የውጭዎቹ ተማሪዎች የትኛው ገበሬ ማሳ ላይ ውለው እንደሚማሩም አብረው ይጻፉ። ወሎ የምታስተምረው ነገር እንዳላት ላቦራቶሪው ራሱ መስክሯል።