ከበሽታው የዳኑት ከሰው አፍ መቼ ይድናሉ?

ሐረርን የከበበው ጁገል አምስት በሮች አሉት። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ፈላና በር ከነዚህ አንዱ ነው። በከተማዋ በሮችና በመስጊዶች ደጃፍ፣ በተለይ በጁምዓ ቀን፣ ጣቶቻቸው የረገፉ ወገኖች እጃቸውን ለሰደቃ ሲዘረጉ ማየት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። ብዙዎቻችን ሳንቲም ጣል አድርገን እናልፋለን። ነገር ግን ያቺው እናት ነገ ቲማቲምና ቃሪያ ዘርግታ ብትቀመጥ፣ ስንቶቻችን ጎንበስ ብለን እንገዛታለን?

ውድ አንባቢያን፣ ሐረር ይህን ሕመም በሚገባ ታውቀዋለች። በአገራችን ከቀደምት የሥጋ ደዌ መታከሚያዎች አንዱ በዚችው ከተማ በካፑቺን ሚስዮናውያን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ገንደ ፌሮ የተባለው ሰፈርም ስሙን የወረሰው ሕሙማኑን ካከሙት ከፈረንሳዊው ዶክተር ዣን ፌሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ድርጅትም ሥራውን የጀመረው ከሐረር ብዙ በማይርቀው በቢሲዲሞ ነው።

ጠባሳ አይጋባም

ሥጋ ደዌ ዘር አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባጸደቀው ጥምር መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ታክሞ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፉን ያቆማል። ታዲያ የረገፈው ጣት ምንድን ነው? ነርቩ ተጎድቶ ትኩስ ድስት ሲያቃጥለው፣ እሾህ ሲወጋው ያልተሰማው እጅ ጠባሳ ነው። ጠባሳ ደግሞ አይጋባም።

መገለል ኪስም ያራቁታል

በሽታው በልጅነቱ ያገኘው ሰው በሕመሙ ሳቢያ ከትምህርት ከቀረ፣ ሲያድግም የሚቀጥረው፣ ቤት የሚያከራየው፣ ዋስ የሚሆነው ካጣ በምን ይኑር? ለኒካህ ሲጠይቅ «ዘሩ ይጣራ» ይባላል። ከአፎቻ ከተለየ ደግሞ ሠርጉም ጀናዛውም ጎዶሎ ነው። ጤነኛ ልጆቹ ሳይቀሩ በአባታቸው ሕመም ስም ይወጣላቸዋል። እንግዲህ የዳነውን ሰው ወደ ልመና የሚገፋው በሽታው ሳይሆን እኛው ነን።

ኡመያዊው ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ ለነዚህ ሕሙማን ድጎማ ቆርጦ ከሰው እንዳይለምኑ ማድረጉን አጥ-ጠበሪ ጽፏል። ይህ ከ1300 ዓመታት በፊት ነው። በእኛም አገር ሕመሙ የነካቸው ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1996 ብሔራዊ ማኅበር መሥርተው ለመብታቸው ቆመዋል። የሚጠይቁት ሥራ፣ ገበያና ጉርብትና ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ነገሩ በሥጋ ደዌ ብቻ አያበቃም። ከደም ካንሰር ድነው ወደ ክፍላቸው የሚመለሱ ልጆችም አሉ። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ፀጉሩ የረገፈውን ልጅ ብቻውን ዴስክ ላይ ብናስቀምጠው፣ ወላጆቹ ለሕክምና የሸጡት በሬ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ሰደቃችንን ሳናቋርጥ ከዳኑት ወገኖች እንግዛ፣ እንቅጠራቸው፣ በአፎቻችን እናካትታቸው። በቆዳ ላይ የደበዘዘና ስሜት የሌለው ምልክት ያየም ሳይደብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አላህ ልባችንን ያራራልን።